አኩፕሬዠር ለመጀመሪያ ጊዜ፦ እናቴን ምን ብዬ ላዘጋጃት?

ጮቄ ሥር

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ከረማችሁ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ማጅራቷና ትከሻዋ እንደ ድንጋይ ይደርቅባታል፤ ወገቧም ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ይይዛታል። ሆስፒታል ታይታ ራጅ ተነሥታለች፤ አጥንቱ ደህና ነው፣ የጡንቻ ነው ተብላለች። የደም ግፊት ክኒን በየቀኑ ትወስዳለች፤ ሌላ መድኃኒት የላትም። እዚሁ ደብረ ማርቆስ አኩፕሬዠር ለሚሠራ ባለሙያ ቀጠሮ ይዘንላታል፤ ቀኑ ግን ፍልሰታ ውስጥ ዋለ።

እሷ የምታውቀው ወጌሻን ነው። «አጥንቴን ሊያንቋቁት ነው?» ብላ ፈርታለች፤ መርፌ አለው ወይ ብላም ትጠይቀኛለች። ምን እንደሚደረግላት፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ የቱ ሕመም ደህና፣ የቱ ደግሞ «ተው» የሚያሰኝ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላስ ምን እንደሚሰማት የምታውቁ በዝርዝር ንገሩኝ። አብሬያት ብገባስ ነውር አለው?

ጣት በጋት

እታለም፣ በመጀመሪያ ሁለቱን ፍርሃት አውጪላቸው። መርፌ የለውም። መርፌ ያለው አኩፓንክቸር ነው። ሁለቱም ከቻይና ሕክምና የመጡ ናቸው፣ የሚጠቀሙባቸው ነጥቦችም አንድ ናቸው፤ አኩፕሬዠር ግን በአውራ ጣት፣ በመዳፍ፣ አንዳንዴም በክርን ይጫናል እንጂ አይወጋም። አጥንትም አይንቋቋም። ወጌሻ የወለቀውን ይመልሳል፣ ይጎትታል፣ በቅቤ ያሻል። እዚህ ግን ሥራው አንድ ቦታ ላይ ቀስ ብሎ መግባት፣ እዚያው መቆየት፣ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። ባለሙያው አንገታቸውን ይዞ ድንገት ሊጠመዝዝ ከሞከረ ያ አኩፕሬዠር አይደለምና «ይቁም» ይበሉ።

ጾሙን በተመለከተ፦ ባዶ ሆድም፣ ጥግብ ያለ ሆድም አይመችም። ከጠዋት ጀምሮ እህል ውኃ ያልቀመሰ ሰው አንድ ሰዓት ያህል ተኝቶ ሲነሣ ዓይኑ ይጨልማል፤ የግፊት ክኒን ለሚወስድ ሰው ደግሞ ይብሳል። ምግብ እንደበሉ በሆድ መተኛትም ያስጨንቃል። እናትሽ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ከሆነ ቀጠሮውን ወደ ማታ አድርጊው፤ ከቅዳሴ መልስ ቀለል ያለ ነገር ቀምሰው፣ ውኃ ጠጥተው፣ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ቆይተው ይሂዱ። ክኒናቸውን በዚያ ቀን እንዳይዘልሉ። ቡና ከወትሮው አይብዛ።

ልብሱ ሰፋ ያለና ስስ ይሁን። አብዛኛውን ጊዜ ልብስ አይወልቅም፤ ቅባትም አያስፈልግም፣ እንዲያውም ቅባት ጣትን ያንሸራትታል። መቀነታቸውን ግን ፈትተው ይግቡ፤ የወገብ ነጥቦች መቀነት በሚታሰርበት ልክ ላይ ናቸውና ቋጠሮው ከሥር ሆኖ ሲጫን ይጎዳል። ማተብ ማውለቅ አያሻም፤ ፈቀቅ ይደረጋል። ሹሩባቸውን በዚያው ሰሞን ተሠርተው ከሆነ ይንገሩት፤ ጠበቅ ብሎ የተሠራ ፀጉር ቆዳውን ወጥሮ ስለሚያሳምመው የማጅራት ነጥቦች ሲነኩ ሕመሙ ከየት እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። ማርቆስ በነሐሴ ብርድ ነውና ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ። የበረደው ጡንቻ አይላላም።

ሲገቡ የመጀመሪያው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጥያቄ ነው፦ የት ያምማል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ሲነሡ ነው ሲቀመጡ፣ ወደ እግር ይወርዳል ወይ፣ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ወድቀው ያውቃሉ ወይ። ሳይጠይቅ እጁን የሚዘረጋ ባለሙያ አይመቸኝም። ግፊታቸውን ቢለካ ደግ ነው። 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምናው በዚያ ቀን ይቀራል፣ ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል።

ቀጥሎ በሆዳቸው ይተኛሉ። ግንባራቸው ሥር የተጠቀለለ ነጠላ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ሥር ትንሽ ትራስ ይደረጋል። በሆድ መተኛት ካልሆነላቸው በጎን ወይም ወንበር ላይ ወደ ጠረጴዛ ደገፍ ብለውም ይሠራል፤ አይፈሩ፣ ይናገሩ። መጀመሪያ በመዳፍ ጀርባን ከላይ ወደ ታች ቀለል አድርጎ እየተጫነ ይሄዳል። ይህ ማሟሟቂያ ነው፤ ባለሙያውም የቱ ጋ እንደደረቀ በእጁ የሚያነበው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በአውራ ጣቶቹ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ ከመሃሉ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ፣ በሁለቱም ጎን ያሉትን ወፍራም ጡንቻዎች እየተከተለ ይወርዳል። አከርካሪው አጥንት ላይ በቀጥታ አይጫንም።

አንዱ ነጥብ እንዲህ ይሠራል፦ እናትሽ ትንፋሽ ሲያወጡ ባለሙያው ክንዱን ሳያጥፍ የሰውነቱን ክብደት ቀስ ብሎ ይለቃል። ከ3 እስከ 5 ሰኮንድ ወስዶ ይገባል፤ ከ30 ሰኮንድ እስከ 1 ደቂቃ፣ በጣም በደረቀ ቦታ ላይ እስከ 2 ደቂቃ ይቆያል፤ በገባበት ፍጥነት ይወጣል። ፍጥነቱ ዋናው ነገር ነው። ጡንቻ ድንገት ሲጫኑት ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ ባለሙያው ከጡንቻው ጋር ትግል ገጠመ ማለት ነው፣ በማግስቱም ታማሚው ተደብድቦ እንዳደረ ይሆናል። ቀስ ተብሎ ሲገባና ሲቆይ ግን ከ20 ወይም 30 ሰኮንድ በኋላ ከጣት ሥር ሲላላ ለራሳቸውም ይታወቃቸዋል።

ስለ ሕመሙ ጠይቀሻል። ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይያዙ። ደህናው ክብድ የሚል፣ ደንዘዝ የሚያደርግ፣ አንዳንዴ ወደ ትከሻ ወይም ወደ እግር ውርር የሚል ስሜት ነው፤ 5 ወይም 6 ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከ7 አይለፍ። ደህና ያልሆነው እንደ መርፌ የሚወጋ፣ የሚያቃጥል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ነዝሮ እስከ ጣት ጫፍ የሚሮጥ ነው፤ ያ ነርቭ ላይ መውደቁ ነውና ጣቱ አንድ ጣት ያህል መዛወር አለበት። ትንፋሻቸውን ከያዙ፣ ጥርሳቸውን ከነከሱ፣ ጣቶቻቸውን ከጨበጡ፣ አፋቸው «ደህና ነው» ቢልም ግፊቱ በዝቷል። እናቶቻችን ችሎ ማለፍን እንደ ጨዋነት ያዩታል፤ እዚህ ላይ ግን ዝምታቸው ባለሙያውን ያሳስተዋል። ስለዚህ አብረሽ ግቢ፤ ምንም ነውር የለውም። ፊታቸውን እያየሽ «እማዬ፣ ስንት ሆነ?» በያቸው።

ከጀርባው በኋላ ይገለበጣሉ፤ ጉልበታቸው ሥር ትራስ ይገባል። እግር፣ ክንድ፣ በመጨረሻ ማጅራትና ራስ ይሠራል። በአጠቃላይ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ነው። ለመጀመሪያ ቀን አጠር ቢል እመርጣለሁ፣ 30 ደቂቃ ይበቃል። ሲያልቅ 5 ደቂቃ ተኝተው ይቆዩ፤ ከዚያ በጎን ዞረው፣ በእጃቸው ተደግፈው፣ ቁጭ ብለው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሰው ይነሡ። ቀጥ ብሎ መነሣት ነው የሚጥለው።

የጣና ዳር ፊዚዮ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ከላይ ሲያዩት የማይታይ ሥጋት ያለባቸውን ሕመሞች ነው፤ እህቴ፣ ይህን ክፍል ለእናትሽ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤትም አንብቢው።

የወገብ ሕመም ሁሉ የጡንቻ አይደለም። ማታ ማታ የሚያተኩስ፣ ሌሊት ላብ የሚያጠምቅ፣ ክብደት የሚቀንስ የጀርባ ሕመም ካለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላልና ማንም ጣቱን ሳያሳርፍበት ሐኪም ይየው። ቲቢ የበላው አጥንት በግፊት ሊደረመስና ኅብለ ሰረሰርን ሊጫን ይችላል። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በኮርቻ የሚቀመጡበት የሰውነት ክፍል ከደነዘዘ፣ እግር ከሰነፈ፣ ያ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል የሚኬድበት ነው። የእናትሽ ራጅ ደህና መሆኑ መልካም ነው፤ ሆኖም ራጅ ነርቭንና ዲስክን አያሳይም፤ ሕመሙ ከጉልበት በታች ከወረደ ለባለሙያውም ለሐኪሙም ይነገር።

ራስ ምታትም እንደዚሁ። ትኩሳት ካለው፣ በተለይ ከባሕር ዳር ዙሪያ ወይም ከዓባይ በረሃ ቆላ ለመጣ ሰው፣ አስቀድሞ የወባ ምርመራ ይደረግ። ድንገት እንደ መብረቅ የመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ አንገት ከመገተር ጋር የመጣ፣ ወይም ፊት አጣሞ አንድ ጎን ያሰነፈ ከሆነ አኩፕሬዠር ቤት የሚወሰድ አይደለም።

እግርን በተመለከተ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ባት ላይ በአንድ ወገን ብቻ ያበጠ፣ የሞቀ፣ የቀላ፣ ሲነካ የሚያምም እግር ነው። የደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ሲታሽ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ቢሄድ ይገድላል። ሁለተኛው የእኛው አገር ነገር ነው፦ በጎጃም ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት ሲሠራ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ዝሆኔ የምንለው። እዚያ ላይ በጣት ጠንከር አድርጎ መጫን ቆዳውን ይሰነጥቀዋል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። ለእሱ የሚረዳው በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና ጫማ ነው።

ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ደንዝዞ ከሆነ «ስንት ሆነ?» ቢባል መልሱ አይታመንም፤ ሕመሙን አይሰማውምና። እግሩ ላይ በጣም ቀለል ይደረግ። ዋርፋሪንን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው በትንሽ ግፊት ይበልዛል። አጥንቱ የሳሳ አረጋዊ ጎኑ ላይ በክርን አይጫንም፣ የጎን አጥንት ይሰበራል። ያበጡ የደም ሥሮች፣ ቁስል፣ ቃጠሎ፣ እባጭ ያሉበት ቦታ ይዘለላል። ብሽሽት፣ ብብት፣ ጉሮሮና ከጆሮ ሥር ንፍፊት ያለበት ቦታ ጠንከር ተብሎ አይነካም። አንገት ላይ በፊት በኩል የልብ ትርታ የሚሰማበትን ቦታ፣ በተለይ ሁለቱንም ወገን በአንድ ጊዜ መጫን ክልክል ነው፤ ሰው ራሱን ይስታል።

ስለ ማስረጃው እንዳትሸወዱ ልንገራችሁ። ከሁሉ በተሻለ የተጠናው ከእጅ አንጓ በላይ ያለው ለማቅለሽለሽ የሚጫኑት ነጥብ ነው። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ግምገማ 59 ጥናቶችን አይቶ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ማቅለሽለሽንና ማስታወክን እንደሚቀንስ ጽፏል። ለወገብና ለአንገት ሕመም ደግሞ የሚጠበቀው መጠነኛ ማስታገስ ነው። ጡንቻ ይላላል፣ እንቅልፍ ይሻሻላል፣ ሰውየው መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ሰውነት ሲንቀሳቀስ ደግሞ ወገብ ይድናል። ቻይናዎቹ «ቺ» የሚሉት ኃይል በመስመር ይፈስሳል የሚለው የእነሱ ጥንታዊ አገላለጽ ነው፤ በአናቶሚ እንደዚህ ያለ ቱቦ አልተገኘም። «መርዝ ከሰውነትዎ ይወጣል»፣ «የግፊት ክኒኑን ይተዉት» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ጮቄ ሥር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እናንተ ባትኖሩ ምን እሆን ነበር። የማታው ቀጠሮ ተስተካክሏል። ሁለት ነገር ልጨምር። በመሃሉ ቤት ውስጥ እኔ ልጫንላት የምችለው ነጥብ አለ ወይ? አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ «ጠንከር ካላለ አይሠራም፣ መበለዝ አለበት» ትላለች፤ እውነት ነው?

ቡሬ መንገድ

መበለዝ የለበትም። መበለዝ ማለት ከቆዳ ሥር ጥቃቅን የደም ሥሮች ተበጥሰዋል ማለት ነው እንጂ ሕመሙ ወጣ ማለት አይደለም። ጥልቀትና ጥንካሬ አንድ አይደሉም፤ ቀስ ብሎ የቆየ ጣት በትንሽ ኃይል ጠልቆ ይገባል።

ለቤት ሦስት ነጥብ ይበቃል። ከማሳየቴ በፊት አንድ ደንብ፦ የሚለካው በታማሚው ጣት ነው፣ በአንቺ አይደለም። እናትሽ አጭር ሆነው አንቺ ረጅም ከሆንሽ በአንቺ ጋት ከሄድሽ ነጥቡን ታልፊዋለሽ። ስለዚህ የእሳቸውን እጅ አስቀምጠሽ ለኪ።

የመጀመሪያው የማጅራት ነው። ከጆሮ ጀርባ ካለው ጎርበጥ ካለ አጥንት ጀምረሽ በራስ ቅሉ ጠርዝ ሥር ወደ መሃል ስትሄጂ፣ የአንገት ወፍራም ጡንቻዎች መሃል ጎድጎድ ያለ ቦታ ታገኛለሽ፤ በግራም በቀኝም አለ። እሳቸው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ አንቺ ከኋላ ቆመሽ በአንድ እጅሽ ግንባራቸውን ደግፊ፣ በሌላው እጅሽ አውራ ጣትና መሃል ጣት ሁለቱን ጎድጓዳ ያዢ። አቅጣጫው ወደ ላይ፣ ወደ ዓይን ነው፤ ወደ ፊት ወደ ጉሮሮ አይደለም። 30 ሰኮንድ፣ እረፍት፣ ሦስት ጊዜ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግንባሩን ሳይደግፍ ነው፤ ያን ጊዜ አንገት ወደ ፊት ይገፋና ጡንቻው ራስን ላለመጣል ይወጠራል፤ የሚጫነውም የሚጫንለትም በከንቱ ይደክማሉ።

ሁለተኛው የእግር ነው። ከጉልበት ሎሚ በታች በእሳቸው አራት ጣት፣ ማለትም አንድ ጋት ውረጂ፤ ከዚያ ከአገዳው አጥንት ጠርዝ ወደ ውጭ በኩል አንድ አውራ ጣት ፈቀቅ በይ። እግራቸውን ወደ ላይ ቀና ሲያደርጉ ከጣትሽ ሥር ጡንቻ ጉብ ካለ ትክክል ነሽ። አጥንቱ ላይ ከሆንሽ ያማል እንጂ አይጠቅምም። ከ1 እስከ 2 ደቂቃ በየእግሩ። ለድካምና ለሆድ መነፋት ይጠቀሙበታል።

ሦስተኛው ከላይ የተጠቀሰው የማቅለሽለሽ ነጥብ ነው፤ መኪና ለሚያስታውካቸው በተለይ የዓባይን በረሃ ሲወርዱ ይረዳል። ከእጅ አንጓው መስመር ወደ ክርን በኩል የራሳቸውን ሦስት ጣት አስቀምጪ፣ ከሦስተኛው ጣት ጠርዝ ላይ፣ እጃቸውን ትንሽ ጨብጠው አንጓውን ሲያጥፉ በሚታዩት ሁለት ጅማቶች መሃል ነው። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ፣ በሁለቱም እጅ። ከማርቆስ ሲሄዱ በረሃውን ተሻግረው ጎሐ ጽዮን ላይ ሳይሆን ደጀን ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ይጫኑ፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ጉልበቱ ይቀንሳል። ጣቶች ከደነዘዙ ግፊቱ በዝቷል፤ ከሥር ነርቭ አለ።

የወገቡን ለባለሙያው ተይው። ከጉልበት ኋላ መታጠፊያ ላይ ያለውንም ለወገብ ጥሩ ነው ተብሎ ሲጫኑት አያለሁ፤ እዚያ ትልቅ የደም ቧንቧና ነርቭ ስላለ እጅ ላልለመደ ሰው አልመክርም።

በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። ጥፍርሽን ቁረጪ፣ እጅሽን አሙቂ። አውራ ጣትሽ ራሱ ከታመመ ጣቱን አጥፈሽ እየጫንሽ ነው፤ ቀጥ አድርጊው፣ በሌላው እጅ ደግፊው፣ ክብደትሽን ከትከሻሽ አምጪ።

አዋላጅ ከዳሞት

ይህን ውይይት ነፍሰ ጡሮችም ያነቡታልና ሳልጽፍ አላልፍም። በእርግዝና ጊዜ ሦስት ነጥቦች አይጫኑም፦ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያለው ሥጋማ ቦታ፣ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አራት ጣት ከፍ ብሎ ከአገዳው ኋላ ያለው፣ እና በአንገትና በትከሻ ጫፍ መሃል ትከሻ አናት ላይ ያለው። ማሕፀንን ያነሣሣሉ ተብለው በዘርፉ ሰዎች የተከለከሉ ናቸው። የመጀመሪያው ለራስ ፍልጠት በየስልኩ ቪዲዮ ላይ ስለሚታይ ብዙ ሴቶች ሳያውቁ ይጫኑታል። ሆድም አይጫንም። ለማቅለሽለሽ የእጁ ነጥብ ይቻላል፤ ነገር ግን ውኃ እንኳ የማይቀመጥላት፣ ሽንቷ የቀነሰ እናት ነጥብ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ያስፈልጋታል። ባለሙያ ዘንድ የምትሄድ ሴት እርግዝናው ባይታይም፣ ተጠራጥራም ቢሆን፣ ሳትተኛ ትናገር።

ጣት በጋት

ቡሬ መንገድ ስለ ጋቱ ያለው ወርቅ ነው። አንድ ብቻ ላርመው፦ የእግሩን ነጥብ ስትለኪ ጉልበታቸው ታጥፎ ይሁን፤ እግር ተዘርግቶ ሲለካ የጉልበት ሎሚው ወደ ላይ ስለሚሸሽ ልኩ ይዛባል።

እታለም፣ ስለ በኋላውም ጠይቀሽ ነበር። በዚያው ማታ ድካምና እንቅልፍ ይመጣል፤ እንጀራ ጋገራና እንስራ ተሸካሚነት ለዚያ ቀን ይቅርላቸው፣ ወገባቸውን ጋቢ ሸፍነው ይተኙ። የተጫነበት ቦታ እስከ 24 ሰዓት፣ ቢበዛ እስከ 48 ሰዓት፣ ብዙ እንደሠራ ጡንቻ ሊያምም ይችላል፤ ሞቅ ባለ ፎጣ ለ15 ደቂቃ መሸፈን ይረዳል። ከ2 ቀን አልፎ ከቀጠለ፣ ወይም ቦታው ከበለዘ፣ ለባለሙያው ነግረሽ በሚቀጥለው ግፊቱ በግማሽ ይቀነስ። አዲስ መደንዘዝ ወይም መስነፍ ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።

በሳምንት 1 ወይም 2 ጊዜ ሆኖ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይሞከራል። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ሦስት ነገር ጻፊ፦ ማጅራታቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ምን ያህል እንደሚያዞሩ፣ ሳያርፉ ስንት ደቂቃ እንደሚቆሙ፣ ሌሊት ሕመሙ ስንት ጊዜ እንደሚቀሰቅሳቸው። ከ4ኛው በኋላ እንደገና ለኪ። ከሦስቱ አንዱም ካልተለወጠ ገንዘባችሁን አትጨርሱ፤ ወደ ሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሂዱ፣ ማስታወሻውንም ይዛችሁ ግቡ።